የአዝማሪ ቤት ምሽት በላሊበላ

አዝማሪ ቤት ማታ ማታ ጠጅ የሚጠጣበት፣ መሰንቆ የሚመታበት፣ ግጥምም እዚያው በተሰብሳቢው ፊት የሚፈጠርበት ትንሽ ቤት ነው። ላሊበላ የምትታወቀው ከዓለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው በዚህች የላስታ ከተማ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሳመ መንገደኛም ሆነ ቅዳሜ ገበያ የዋለ ባላገር ማታ ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዱ አዝማሪ ቤት ነው። በሚከተለው ምልልስ አንድ የላስታ የሙዚቃ መምህርና አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች የአገራቸው ልጅ ስለ ቤቱ፣ ስለ ምሽቱ ሥርዓትና ስለ ወደፊት ዕጣው ይወያያሉ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። አዝማሪ ቤት ከሌላ መጠጥ ቤት በምን ይለያል?

መምህር፦ በአድማጩ ሥራ ይለያል። በሌላ መጠጥ ቤት ሰው ተቀምጦ ይጠጣል፤ ዘፈኑ ከቴፕ ወይም ከመድረክ ይመጣለታል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግን ስሙ በዘፈን ይነሣል፣ ግጥም ያቀብላል፣ እስክስታ ይወርዳል፣ ይሸልማል። ተሰብሳቢው ሲለወጥ ዘፈኑም ይለወጣል። የዛሬ ማታው ግጥም ነገ ማታ እንዳለ አይደገምም።

ተማሪ፦ ቤቱስ እንዴት ያለ መሆን አለበት?

መምህር፦ ጠባብ። በግድግዳው ዙሪያ መደብ ወይም አግዳሚ፣ ከፊቱ በርጩማና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ፣ መካከሉ ለጭፈራ ክፍት። ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልግም፤ አዝማሪው ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይጫወታልና። ላሊበላ ውስጥ በመንገደኞች ዘንድ ስሙ የታወቀው ቶርፒዶ ጠጅ ቤት የዚህ ዓይነት ነው። ጠጁ በብርሌ ይቀርባል፤ አዝማሪዎቹም እንግዳው ከተቀመጠበት አጠገብ ቆመው ይገጥማሉ።

ተማሪ፦ ጠጁ የምሽቱ አካል ነው ወይስ የገቢ ምንጭ ብቻ?

መምህር፦ ሁለቱም ነው። ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ይጣላል። ጌሾው ምሬትና ጠረን ይሰጠዋል። ገና ያልፈላው ብርዝ ይባላል፤ ሲቆይ ለስላሳ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ በመጨረሻ ደረቅ ይሆናል። ጠጅ ቤቶች እንደ ጠጪው አቅም ለይተው የሚቀዱትም በዚህ ነው። ላስታ የማር አገር ናት፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት የሚለው ትውፊትም በሰፊው ይነገራል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ጠጪው በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል። የአዝማሪ ምሽት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ አዝማሪው ሰውን አይቶ፣ አስቆ፣ አላምዶ ነው ወደ ዋናው ጨዋታ የሚገባው።

ተማሪ፦ ወደ መሣሪያው እንለፍ። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ይዞ ያን ሁሉ ምሽት እንዴት ይሸከማል?

መምህር፦ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚሄድ ነው። ሰውነቱ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ቆዳ ይለበጣል፤ በረዥሙ አንገት ላይ የተወጠረው አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ የሚገዘገዝበት ደጋንም እንዲሁ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ቆልማማ እንጨት ነው። ተጫዋቹ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ በጣቱ ጫፍ ከጎን እየነካ ድምፁን ይለዋውጣል። ስለዚህ ድምፁን ማንሸራተት፣ ማንቀጥቀጥና ማስለቀስ ይችላል። ዘፋኙ የሚያዜመውን ዜማ መሰንቆው ይከተለዋል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መሰንቆው ብቻውን ይመልሳል። አዝማሪው ቀጣዩን ስንኝ የሚያስበውም በዚያች ክፍተት ነው።

ተማሪ፦ ዜማዎቹስ ከየት ይመጣሉ?

መምህር፦ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ልዩነታቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስሞች መሆናቸውን አንቺም ታውቂያለሽ። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነዚህን ዜማዎች ወደ ትልቅ መድረክ አወጣቸው፤ ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠም አምባሰልን ከዚያ ይዛ ለመላው አገር አሰማችው። አዝማሪ ቤት ግን የመድረኩን ዜማ እንዳለ አይወስድም። መሰንቆው የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ዛሬ ድምፁ ዝቅ ካለ ቅኝቱም ዝቅ ይላል።

ተማሪ፦ ምሽቱ የራሱ ቅደም ተከተል አለው?

መምህር፦ አለው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ቤቱንና የተሰበሰበውን ሰው መመረቅና ማመስገን። ቀጥሎ አዝማሪው ወደ እያንዳንዱ እንግዳ ይሄዳል። ስሙን፣ አገሩን፣ አብሮት የመጣውን ሰው ቀድሞ ጠይቆ ያውቃል፤ ያላወቀውን ከአለባበሱና ከሁኔታው ያነብባል። እዚያው ፊቱ ቆሞ ይገጥምለታል። ብዙ ጊዜ ወንዱ መሰንቆ ሲመታ ሴቷ ታዜማለች፣ ከበሮ ትመታለች፣ እስክስታ ታስወርዳለች፤ ባልና ሚስት የሆኑም አሉ። ከዚያ ነገሩ ሲሞቅ የምሽቱ ዋና ክፍል ይመጣል፦ «ተቀበል!» የሚለው።

ተማሪ፦ እሱን ሥርዓት በደንብ ይግለጹልኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወጣት ስሙን እንጂ አሠራሩን አያውቀውም።

መምህር፦ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ድምፁን ያሰማል። አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ያሰማዋል። ሁለተኛውን ይሰጣል፤ እሱንም ይቀበላል። ቤት መምታቱን፣ ልኩን መጠበቁን ተሰብሳቢው እዚያው ይፈርዳል። የተለመደው ልክ የወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ በሁለት እኩል ቦታ ይከፈላል፣ በያንዳንዱም ስድስት ስድስት ቀለም አለ። አቀባዩ ቢሳሳት አዝማሪው ያቃናለታል፤ ይህ የሙያው ትልቅ ጨዋነት ነው። ሌላው እንግዳ ደግሞ መልስ ካለው እሱም «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ጠረጴዛ በአንድ መሰንቆ ይከራከራል ማለት ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይጣሉ የልባቸውን የሚናገሩበት መንገድ ይህ ነው።

ተማሪ፦ ሰምና ወርቁስ?

መምህር፦ እሱ ባይኖር ግጥሙ ቶሎ ይሰለቻል። «ማር» የምትለዋን ቃል ውሰጂ። ጠጅ ቤት ውስጥ ስትነሣ ሁሉም የሚያስበው የንብ ማር ነው። ለተቀየመ ወዳጅ ስትነገር ግን «ይቅር በል» ማለት ናት። አንድ ሰው ማር አማረኝ የሚል ስንኝ ሲያቀብል ቤቱ ስለ ጠጁ መስሎት ይስቃል፤ ከጎኑ የተቀመጠው የተቀየመው ሰው ግን ለእርሱ እንደተነገረ ያውቀዋል። እርቅ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ግጥሙ ሲነገር ሰሙ ለሁሉም ነው፤ ወርቁ ለሚገባው።

ተማሪ፦ አንድ ጥርጣሬ አለኝ ጋሼ። አዝማሪው የሚያወድሰው የሚሸልመውን ነው። ግንባሩ ላይ ብር ለለጠፈለት ሰው የሚዘፈን ውዳሴ እንዴት እውነተኛ ጥበብ ይሆናል?

መምህር፦ ሽልማቱ ለሙያው የሚከፈል ዋጋ ነው። አዝማሪ ከሚያገኘው ውስጥ ብዙው በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። ውዳሴው ግን ብቻውን አይሄድም፤ ከወቀሳ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስስታሙን ይወጋዋል፣ ኩሩውን ያወርደዋል፣ ሹሙን ሳይቀር ይነካዋል። በጥንቱ ጊዜ አዝማሪ ከመኳንንቱና ከጦሩ ጋር ይጓዝ ነበር፤ ጀግናውን ሲያነሣ ፈሪውን ያዋርዳል፤ ሕዝቡ በገዢው ላይ ያለውን ቅሬታም በግጥም ይሰማ ነበር። ይህ ኃይል ቀላል እንዳልነበረ የጠላት ፍርሃት ይመሰክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያሳደዱ እንዲገድሉ ታዘዙ። ወሬና ቁጭት በየአገሩ የሚያደርሱት እነርሱ እንደሆኑ አውቀው ነበር።

ተማሪ፦ ያን ያህል ኃይል ያለው ሰው ታዲያ በማኅበረሰቡ ዘንድ ለምን ዝቅ ተደርጎ ታየ?

መምህር፦ ይህ የታሪካችን ትልቅ በደል ነው። ሰው በሠርጉ፣ በግብሩ፣ በክርስትናው አዝማሪ ይጠራል፤ ልጁን ለአዝማሪ መዳር ግን አይወድም። «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯል። አዝማሪዎቹም በበኩላቸው ሙያውን በቤተሰብ ውስጥ አቆዩት፤ ልጅ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ቆሞ ይማራል። ጎንደር አጠገብ እንዳለችው ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮችም የቆሙት በዚህ መንገድ ነው። እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋም አላቸው፤ ሴማዊ ቋንቋዎችን ያጠናው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1952 ስለዚሁ ጽፏል። በእንግዳው ፊት ስለ እንግዳው መነጋገር ለሚኖርበት ባለሙያ እንዲህ ያለ ቋንቋ የሥራ መሣሪያ ነው።

ተማሪ፦ ላስታ ውስጥ ደግሞ አዝማሪ ብቻውን አይደለም። ላሊበሎች የሚባሉትስ?

መምህር፦ መለየት ያስፈልጋል። ላሊበሎች፣ ሐሚና የሚባሉትም እነርሱ ናቸው፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ቤት እየዞሩ ያዜማሉ፤ የሚሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ማዜሙን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። መሰንቆ አይዙም፤ መሣሪያቸው ድምፃቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የራሷ ዜማ አላት፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ ከጸናጽል፣ ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር። በልደት ጧት ካህናቱ በቤተ ማርያም፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ ላይ «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ ላሊበላ በምእመናን ትሞላለች። አዝማሪው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ጊዜው ማታ ነው፣ ጉዳዩም የሰው ኑሮ። 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም ዘፈንና ጭፈራ ይቆማል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሠርግ ይመጣል፣ የአዝማሪውም ሥራ ይነቃል።

ተማሪ፦ ይህን ሁሉ ስሰማ በውጭ አገር ያሉት ትንንሽ የሮክ ክለቦች ትዝ ይሉኛል። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው ሲ.ቢ.ጂ.ቢ. ጠባብ ቤት ነበር፤ ራሞንስና ቶኪንግ ሄድስ የተባሉት ባንዶች ግን ከዚያ ነው የወጡት። ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ በራሳቸው የሚሠሩ ባንዶች እስከ ዛሬ የሚያድጉት በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ነው፤ ተመልካቹ ከዘፋኙ ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ከአዝማሪ ቤት ጋር ያመሳሰልኩት ተሳስቼ ነው?

መምህር፦ በቅርበቱ ይመሳሰላሉ፤ በአሠራሩ ይለያያሉ። የሮክ ባንድ ዘፈኑን ጽፎና ተለማምዶ ይመጣል፤ አድማጩ ይጮኻል፣ ይጨፍራል፣ ቃሉን ግን አይለውጥም። አዝማሪ ዜማውን ይዞ ይመጣል፤ ቃሉ ግማሹ ከአድማጩ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር ግን ትልቅ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ሙዚቀኛ መደበቅ አይችልም፤ የተሳሳተውም የተሳካለትም ወዲያው ይታወቃል። ሁለቱም በዚህ ይበስላሉ።

ተማሪ፦ እነዚህ ሁለት ዓለማት የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ዚ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር የፐንክ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫወተ፤ በኋላም ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ጋር ሞዓ አንበሳ የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። ጌታቸው ሽለላውን በሳክስፎን የሚጫወት ሰው ነበር፤ የፐንኮቹ ጊታር ከእርሱ ሽለላ ጋር ሲገጥም የሚያስገርመው አለመጣላቱ ነው። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በዳኒ መኮንን የተመሠረተው ደቦ ባንድም አለ። የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሲያትሉ ሰብ ፖፕ በከፈተው ቅርንጫፍ በኩል ነው፤ ሰብ ፖፕ ማለት የሮክ ባንዱን ኒርቫናን መጀመሪያ ያሳተመው ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት እዚሁ አገር ጃኖ ባንድ ኤርታሌን አወጣ፤ የሮክ ጊታር ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር የቆመበት ሥራ ነው።

መምህር፦ ያመጣሻቸው ምሳሌዎች አንድ ነገር ያሳያሉ፤ የእኛ ቅኝትና ሽለላ ከሮክ ጋር ለመቆም ጉልበት አያንሳቸውም። ሽለላ ራሱ ሰውን የሚያነሣሣ ነው። ግን ሥሩን አትርሺ፤ ይህ ሁሉ የተወለደው ሰው ለሰው ፊት ለፊት ከተጫወተበት ቤት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን የአልበሞች ተከታታይ ሲያሳትም ሁለተኛውን ቅጽ ለ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የከተማ አዝማሪዎች መስጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የከተማውን ሌሊት ዘግቶት ነበር፤ እሱ ሲያበቃ አዲስ አበባ ውስጥ አዝማሪ ቤቶች በየሠፈሩ ተከፈቱ። ከየክፍለ ሀገሩ የሄዱት አዝማሪዎች፣ የእኛን አገር ልጆች ጨምሮ፣ እዚያ ነው የተሰበሰቡት።

ተማሪ፦ ካዛንቺስ ከነዚያ ሠፈሮች ዋናው ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የፈንዲቃን አዝማሪ ቤት ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፤ አዝማሪው፣ የጃዝ ተጫዋቹና የውጭው ባንድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይጫወቱ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ሲፈርስ ፈንዲቃም ነባር ቤቱን ለቀቀ። ከዚያ በፊት በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጃዝ ሙዚቃ የሚቀርብበት ጃዝአምባም አብሮ ጠፍቷል። ትንሽ ቤት ሲጠፋ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ እንዳልሆነ ከሁለቱም ይታያል።

መምህር፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ሙዚቀኞቹ ሌላ ቦታ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ለዓመታት አብሮ የተገነባው አድማጭ ግን ይበተናል። የላሊበላ ችግር ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጎብኚው ቆመ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጋገር ቆየች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት መጣ። ሰላም ሲጠፋ መንገዱ ይዘጋል፤ ሌሊት መውጣት ያስፈራል፤ ማታ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይራባል። አዝማሪ መሬት አያርስም፣ ሱቅ የለውም፤ እርሻውም ሱቁም ያ ምሽት ነው።

ተማሪ፦ ጎብኚው ሲመለስስ ነገሩ ይስተካከላል?

መምህር፦ በከፊል። ጎብኚ ገንዘብ ያመጣል፤ ቋንቋውን ካላወቀ ግን «ተቀበል!» አይልም። ቤቱ በጎብኚ ብቻ ሲሞላ አዝማሪው ስሙን ጠርቶ ያስቀዋል፣ እስክስታ ያሳየዋል፤ ሰምና ወርቁ ግን የሚሰማው ሰው ስለሌለ እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ የአገሬው ሰው የሚችለው ዋጋ፣ የአገሬው ሰው የሚቀመጥበት መደብ ሊኖር ይገባል። የአገሩ ሰው ሲጫወት እንግዳውም የሚያየው እውነተኛውን ምሽት ነው።

ተማሪ፦ ድምፅ ማጉያውስ? አሁን ብዙ ቦታ ኦርጋንና ሞንታርቦ ገብቷል።

መምህር፦ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያስፈልግ ይሆናል። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን ጉዳቱ ይበዛል። መሰንቆ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ሞንታርቦው ሲጮህ ይዋጣል። ኦርጋን ድምፆቹ አስቀድሞ የተወሰኑ ስለሆኑ የዘፋኙ ቅኝት ወደ እነርሱ ይጎተታል፤ የመሰንቆው መንሸራተት ይጠፋል። ከሁሉም የባሰው ግን ቃሉ አለመሰማቱ ነው። ቃል ያልተሰማበት ቤት ውስጥ አቀባይ አይኖርም፤ አቀባይ ከሌለ አዝማሪው የተለማመደውን ብቻ እየደገመ ይቀራል።

ተማሪ፦ እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? ከእኛ ትውልድ ምን ይጠበቃል?

መምህር፦ አራት ነገር። አንደኛ፣ ሙያው በክብር ይጠራ፤ የአዝማሪ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መሰንቆውን ሳያፍር ይያዝ። መሰንቆ በአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የላስታ ልጆችም በአገራቸው ሊማሩት ይገባል። ሁለተኛ፣ ግጥሞቹ በባለቤቶቹ ፈቃድ ይቀዱ፤ አዝማሪውም የድርሻውን ያግኝ። ሦስተኛ፣ ለዓለቱ ቤተ ክርስቲያን የሚጨነቅ ሁሉ ለትንሹም ቤት ይጨነቅ፤ ድንጋዩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1978 ሰፍሯል፣ የአዝማሪው ምሽት ግን የሚኖረው ቤቱ ክፍት እስካለ ድረስ ነው። አራተኛውና ዋናው የአድማጩ ነው። ወጣቱ የወል ቤትን ልክ ይማር፣ ስንኝ መቋጠር ይልመድ።

ተማሪ፦ መሰንቆ የማይመታ፣ ማዜም የማይችል ሰውም ድርሻ አለው ማለት ነው።

መምህር፦ ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው። አዝማሪ በየዘመኑ ተገኝቷል፤ ጦርነትም ድርቅም አልፎት እዚህ ደርሷል። ጥበቡን የሚያቆመው ግን ጥሩ ስንኝ ሰምቶ የተሻለ የሚመልስ ሰው ነው። አንድ ከተማ እንዲህ ያሉ አድማጮችን እስካፈራ ድረስ አዝማሪ ቤቱ ይቆማል፤ ማፍራት ሲተው አዝማሪው በሕይወት እያለ ጥበቡ ይሞታል። ግጥም ማቀበልን ለልጆች ማስተማር ከሁሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው።